ዮሐንስ፤ አንድ ስም በብዙ ሕዝብ አንደበት

በቤተ ክርስቲያኑ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል



የኢትዮጵያ ሰው ስለ ስም ሁለት ምሳሌ አለው። አንደኛው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ነው። የፊተኛው ምሳሌ ስም ስጦታ መሆኑን ያስተምራል፤ ሕፃኑ ሳይደክምበትና ሳይጠይቅ ተቀብሎታልና። የኋለኛው ግን ስም ዕዳ መሆኑን ያስተምራል፤ ሰውየው ካለፈ በኋላ ሲጠራ የሚኖረው በስሙ ላይ የሠራበት ሥራ ነውና። የሰው ዕድሜ ሁሉ ከስጦታው እስከ ዕዳው የሚደረግ ጕዞ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ዮሐንስ የሚባለው ስም ነው። ይህ ስም የተመረጠበት ምክንያት፤ የዕብራዊውንና የጽርኡን፤ የዐረቡንና የአርመኑን፤ የሮማዊውንና የሐበሻውን ደጅ ሁሉ አልፎ በእያንዳንዱ ቤት እንደ ቤተኛ የተቀመጠ ስለ ሆነ ነው። ከዚህም ጋራ ስሙ በነገሥታት ታሪክና በዜማ ትምህርት ውስጥ ያለፈበት መንገድ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ የሆነው ግን በስፍራው ይገለጻል።

ነገሩ ለጨዋታ ብቻ የተነሣ አይደለም። ዛሬ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች በባዕድ አገር ይወለዳሉ፤ ያድጋሉም። አባትና እናት ዮሐንስ ያሉትን ልጅ፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ጓደኞቹ ጆን ይሉታል፤ እርሱም ለመጥራት ይቀላል ብሎ ጆን ተብሎ ይቀራል። አያቲቱ ይህን በሰማች ጊዜ የልጅ ልጇ ስሙን ጥሎ የሌላ ሰው ስም እንደ ለበሰ ቈጥራ ታዝናለች። በሌላም ወገን የጎረቤቱ ልጅ ያሕያ መባሉን የሚሰማ ክርስቲያን፤ ይህ ስም ከእርሱ ስም ጋራ ምንም ዝምድና የሌለው ይመስለዋል። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ስም የተካፈሉ ሕዝቦች በእውነት ዘመዳሞች ናቸውን? ወይስ ስሙ አንድ ሆኖ እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ ይኖራሉ?

፩፤ ስለ ስሙ ትርጓሜና አወጣጥ

የስሙ ሥር ዕብራይስጥ ነው። በዕብራይስጥ ዮሐናን ይባላል፤ ከሁለት ቃልም የተጋጠመ ነው። የፊተኛው የእግዚአብሔር ስም በአጭሩ ሲጠራ ነው፤ የኋለኛው ደግሞ መራራትንና ጸጋ መስጠትን ያመለክታል። እንግዲህ ትርጓሜው እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ፤ ወይም እግዚአብሔር ራራ ማለት ነው። ሐና የሚባለውም የሴት ስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ሐናንያ የሚባለው ስም ደግሞ እነዚያው ሁለቱ ቃላት ከፊት ወደ ኋላ ተዛውረው የተጋጠሙበት ነው።

የመጥምቁ ስም እንዴት እንደ ወጣ የሉቃስ ወንጌል በመጀመሪያው ምዕራፍ ይተርካል። ካህኑ ዘካርያስ የመልአኩን ብሥራት ስለ ተጠራጠረ አንደበቱ ተዘግቶ ነበር። ሕፃኑ ተወልዶ በስምንተኛው ቀን ሊገርዙት ዘመድና ጎረቤት በተሰበሰበ ጊዜ ሁሉም በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ፈለጉ። እናቱ ኤልሳቤጥ ግን ዮሐንስ እንዲባል ተናገረች። ዘመዶቿም ከወገኗ ማንም በዚህ ስም የተጠራ እንደሌለ ጠቅሰው ተቃወሟት፤ ወደ አባቱም በምልክት ጠየቁ። እርሱም ሰሌዳ ለምኖ ስሙ ዮሐንስ መሆኑን ጻፈ። ወዲያው አንደበቱ ተፈታ፤ እግዚአብሔርንም አመሰገነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። መጀመሪያ፤ ዮሐንስ የሚለው ስም ለዚያ ቤተ ሰብ እንግዳ ስም ነበረ። ዘመዶቹ የተቃወሙበት ምክንያት የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች የባዕድ ስም ሲሰሙ የሚያነሡት ምክንያት ነው፤ ይህ ስም የወገናችን አይደለም የሚል ነው። እንግዲህ በዓለም ሁሉ ላይ የወገን ስም ሆኖ የቀረው ስም፤ በተሰጠበት ቀን የወገን ስም አይደለም ተብሎ የተከሰሰ ነበረ። ሁለተኛ፤ የስሙ የመጀመሪያ ፍሬ የተዘጋ አንደበት መፈታትና ምስጋና ነው። ይህ ነገር ወደ ኋላ ስለ ዜማ ሲነገር ተመልሶ ይመጣል።

የእስላሞች መጽሐፍ ቁርኣንም ይህንኑ ልደት ይተርካል። በዚያ መጥምቁ ያሕያ ይባላል፤ አባቱም ዘከሪያ ነው። መርየም በሚባለው ምዕራፍ ከእርሱ በፊት በዚህ ስም የተጠራ እንዳልነበረ ይነገራል፤ አንዳንድ ተርጓሚዎች ቃሉን አምሳያ የሌለው ብለው ይፈቱታል። ሁለቱ መጻሕፍት በብዙ ነገር ቢለያዩም የስሙን እንግድነት በማስተዋል ይገናኛሉ። በደማስቆ ከተማ በታላቁ የኡመያ መስጊድ ውስጥ የያሕያ ራስ ያረፈበት ነው የሚባል መቃብር አለ፤ ስፍራውም አስቀድሞ በመጥምቁ ዮሐንስ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በ2001 ዓመት በግንቦት ወር ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ የተባሉት የሮማ ጳጳስ ወደዚያ መስጊድ ገቡ። ዮሐንስ የሚባል ሰው ወደ ያሕያ መቃብር ደረሰ፤ ስም ከስም ጋራ ተገናኘ ማለት ነው።

፪፤ ስለ ስሙ መልክ በየልሳኑ

ስም ከአገር ወደ አገር ሲሻገር እንደ መንገደኛ ልብሱን ይለውጣል። ጽርኦች በቃል መካከል ሐ የሚባለውን ድምፅ ስለማያውቁ ዮአኒስ አሉት፤ በመጨረሻውም እንደ ልማዳቸው ስ ጨመሩበት። ሶርያውያን ዩሐናን አሉት። የዐረብ ክርስቲያኖች ዩሐና ይሉታል። አርመኖች ሆቭሐንስ፤ ሩስያውያን ኢቫን፤ ፖሎኞች ያን፤ የማጃር ሕዝብ ያኖሽ፤ ኢጣልያውያን ጆቫኒ፤ ፈረንሳውያን ዣን፤ እስፓኛውያን ኹዋን፤ ፖርቱጋሎች ዡዋው፤ የአየርላንድ ሰዎች ሾን፤ ጀርመኖች ዮሐነስና ሃንስ ይሉታል። እንግሊዝ ጆን ሲል፤ ሐውን ዛሬም በጽሕፈት ያኖራታል እንጂ በአንደበቱ አይጠራትም። በእንግሊዙ ስም መካከል ድምፅ የሌላት ፊደል ተቀምጣ የቀረችው የጥንቱ ስም ማስታወሻ ሆና ነው።

የግእዙ ዮሐንስ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነገር አለው። በመካከሉ ያለችው ሐ የሴም ልሳን ድምፅ ናት፤ በመጨረሻው ያለችው ስ ግን የጽርእ ናት። እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ ይህን ስም በጠራ ቍጥር ኢየሩሳሌምንና የጽርእን አገር በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። ሐውን ከጉሮሮው አውጥቶ የሚጠራ ሰው፤ ጽርእና ሮም ከተቀበሉት በኋላ ከብዙዎች አንደበት የጠፋውን ድምፅ ጠብቆ ይኖራል ማለት ነው።

ስሙ ለልጅ ልጅም ተላልፏል። በኢትዮጵያ ዮሐንስ የሚባል ሰው ልጅ የአባቱን ስም አስከትሎ ይጠራል፤ ገብረ ዮሐንስ፤ ወልደ ዮሐንስ፤ ኃይለ ዮሐንስ የሚሉትም ስሞች ከዚሁ ወጥተዋል። እንደዚሁም የእንግሊዙ ጆንሰን፤ የሩስያው ኢቫኖቭ፤ የሆላንዱ ያንሰን፤ የሰርቡ ዮቫኖቪች፤ የአርመኑ ሆቭሐኒስያን ሁሉም ፍቺያቸው አንድ ነው፤ የዮሐንስ ልጅ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች በአንድ የባቡር ሠረገላ ተሳፍረው ቢገናኙ ሁሉም የአንድ አባት ስም ተሸክመው ሳለ አንዱ ለሌላው ባዕድ መስሎት ይለያያሉ።

፫፤ ስለ ስሙና ስለ ዜማ

በምዕራብ አገር በስምንተኛው መቶ ዓመት ለመጥምቁ ልደት በሮማይስጥ የተደረሰ አንድ መዝሙር አለ፤ ደራሲው የሞንቴ ካሲኖ ገዳም መነኵሴ ዲያቆን ጳውሎስ ነው ተብሎ ይነገራል። የመዝሙሩ ሐሳብ ከዘካርያስ ታሪክ የተቀዳ ነው፤ አገልጋዮች የመጥምቁን ሥራ በተፈታ አንደበት ይዘምሩ ዘንድ ከንፈራቸው እንዲነጻ ይለምናል።

ከዚህ በኋላ በ11ኛው መቶ ዓመት ጒዶ የሚባል የአሬጾ ከተማ መነኵሴ ተነሣ። በዚያን ዘመን ዜማ ከመምህር አፍ በመስማት ብቻ ይጠና ስለ ነበረ ተማሪዎች ብዙ ዓመት ይደክሙበት ነበር። ጒዶ ይህን መዝሙር ሲመለከት ስድስቱ ሐረጎች እያንዳንዳቸው ከፊተኛው በአንድ ደረጃ ከፍ ባለ ድምፅ እንደሚጀምሩ አየ። ስለዚህ የየሐረጉን የመጀመሪያ ቀለም ወስዶ ለድምፆቹ ስም አደረገው፤ እነርሱም ኡት፤ ሬ፤ ሚ፤ ፋ፤ ሶል፤ ላ ናቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሰባተኛው ድምፅ ሲ ተባለ፤ ይኸውም በሮማይስጥ ቅዱስ ዮሐንስ ሲባል ከሁለቱ ቃላት መነሻ ፊደል የተወሰደ ነው። ኡት የሚለውም ለመዘመር ስለማይመች በ17ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ ዶ ተባለ። ይህን የለወጠው ጆቫኒ ባቲስታ ዶኒ ነው የሚሉ አሉ፤ የዚህም ሰው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ መጥምቁ ዮሐንስ ማለት ነው።

ጒዶ ሚካኤል ለሚባል ወንድም መነኵሴ በላከው ደብዳቤ የደረሰበትን ነገር ይነግረዋል። ጥበቡ በተሰማ ጊዜ የሮማው ጳጳስ ወደ እርሱ ጠራው። ጳጳሱም መጽሐፉን ገልብጦ አየ፤ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን አንድ ሐረግ ራሱ አንብቦ እስኪዘምር ድረስ ከስፍራው አልተነሣም። ይህ ጳጳስ ዮሐንስ 19ኛው ነበረ። የጒዶን ትምህርት በሮም የተማረው ዮሐንስ የሚባል ሰው ሆነ። ጒዶም ዐሥር ዓመት ይፈጅ የነበረው ትምህርት በአንድ ዓመት ወይም ቢበዛ በሁለት ዓመት ሊፈጸም እንደሚችል ጽፎአል።

ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህን ሲሰማ የራሱን አገር ሥርዓት ማስታወሱ አይቀርም። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ድጓ የሚከፈተው በዮሐንስ ነው። መስከረም 1 ቀን የዘመን መለወጫ በዓል ራሱ ቅዱስ ዮሐንስ ተብሎ ስለሚጠራ የዓመቱ ዜማ ሁሉ ከእርሱ ይጀምራል፤ በማግሥቱም መስከረም 2 ቀን የመጥምቁ ራስ የተቈረጠበት መታሰቢያ ይውላል። የዜማው ዓይነት ግእዝ፤ ዕዝልና አራራይ ሦስት ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፤ ከ1540 እስከ 1559 ዓመት ባለው ጊዜ፤ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት ምልክቱን እንደ ሠሩለት የአባቶች ትውፊት ይናገራል። ከምልክቶቹም መካከል ሥረዩ የሚባሉት ተማሪው አስቀድሞ ከሚያውቀው የዜማ ቃል በአጭሩ የተወሰዱ ፊደላት ናቸው፤ ፊደሉን ሲያይ የዚያን ቃል ዜማ ያስታውሳል። ሐሳቡ ከጒዶ ሐሳብ ጋራ ወንድማማች ነው፤ ሁለቱም የታወቀውን ቃል ቈርሰው ላልታወቀው ዜማ መክፈቻ አደረጉት። ግን የጒዶ ቀለም አንዱን ድምፅ ብቻ ሲያመለክት የድጓው ፊደል የዜማውን ሐረግ በሙሉ ያመለክታል። መንገዳቸው ሁለት፤ ሁለቱም መንገድ የዮሐንስን ደጅ የሚነካ ነው። ዛሬ ዶ ሬ ሚ እያለ የፒያኖ ትምህርት የሚጀምር ልጅ፤ ሳያውቀው ለመጥምቁ የተደረሰውን መዝሙር ቀለም በቀለም ይቈጥራል።

ከምሥራቅም ወገን ዮሐንስ ዘደማስቆ አለ፤ እርሱም በ8ኛው መቶ ዓመት ያረፈ ነው። ዘመዶቹ በኡመያ ኸሊፋዎች ቤት በሹመት ያገለገሉ ነበሩ፤ እርሱ ግን ከኢየሩሳሌም አጠገብ ባለው በማር ሳባ ገዳም መነኰሰ፤ በጽርእም ልሳን ብዙ መዝሙር ደረሰ። የጽርእ ቤተ ክርስቲያን የምትዘምርበትን የስምንቱን ዜማ ሥርዓት ያዘጋጀ እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። ከእርሱ በፊት በ407 ዓመት ያረፈው ዮሐንስ አፈ ወርቅ በስብከቱ ጣፋጭነት ቅጽሉን አገኘ፤ የኢትዮጵያም ቤተ ክርስቲያን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱን በእርሱ ስም፤ አንዱን ደግሞ በወልደ ነጐድጓድ በወንጌላዊው ዮሐንስ ስም ታዜማለች።

በጀርመን አገር ይህ ስም በአንድ የዜማ ቤተ ሰብ ውስጥ ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ በዝቶ ነበር። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1685 ዓመት በአይዘናኽ ተወለደ። አባቱ ዮሐን አምብሮዝዩስ ይባላል፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው እናቱ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ አባቱ ስለ ሞቱበት ያሳደገው ታላቅ ወንድሙም ዮሐን ክሪስቶፍ ነው። በቤቱ ሁሉ ዮሐን ስለ ነበረ የሚለዩት በሁለተኛው ስም ነበር። ባኽ በላይፕሲኽ ከተማ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አለቃ ሆኖ ከ1723 ዓመት ጀምሮ በ1750 ዓመት እስከ ሞተ ድረስ አገልግሎአል። እንደ ዮሐንስ ወንጌል የተጻፈውን የሕማማት ዜማውን መጀመሪያ ያሰማው በ1724 ዓመት በስቅለት ዕለት በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያች ዕለት ዮሐንስ የጻፈውን ታሪክ ዮሐንስ በዜማ ተረጐመው።

ሞዛርት የሚባለውም ታላቅ የሙዚቃ ሊቅ በ1756 ዓመት ጥር 27 ቀን ስለ ተወለደና ዕለቲቱ በሮማ ቤተ ክርስቲያን የአፈ ወርቅ በዓል ስለ ነበረች ክርስትና ሲነሣ መጀመሪያ የተሰጠው ስም ዮሐንስ አፈ ወርቅ ነበረ። ዓለም ግን በኋላ ስሙ ቮልፍጋንግ ብቻ ያውቀዋል። በአሜሪካም ከባሮች ዘር የተወለደው ጆን ኮልትሬን፤ ከ1926 እስከ 1967 ዓመት የኖረው የሳክስፎን ነፊ፤ ነፋሱን ወደ ጸሎት ስለ መለሰ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስሙ የሚጠራ ቤተ ክርስቲያን ተቋቁሞለታል። ከዘካርያስ ሰሌዳ እስከ ጥቍሩ አሜሪካዊ ሳክስፎን ድረስ ስሙ የተዘጋ አንደበትን መፍታት አልተወም።

፬፤ ስለ ስሙና ስለ ነገሥታት

እስከዚህ የተነገረው የስሙን ጥቅም ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን ስም እንዴት እንደሚያስት መናገር ይገባል።

በ1145 ዓመት ኦቶ የሚባል የፍራይዚንግ ጳጳስ ከፋርስና ከአርሜንያ ማዶ ዮሐንስ የሚባል ቄስም ንጉሥም የሆነ ኀያል ክርስቲያን አለ ሲባል እንደ ሰማ በታሪክ መጽሐፉ ጻፈ። በ1165 ዓመት ገደማ ደግሞ በዚህ ንጉሥ ስም የተጻፈ ደብዳቤ በአውሮፓ ተሰራጨ፤ በውስጡም የወርቅና የዕንቍ ብዛት፤ የድንቅ አራዊትና የነገሥታት ገባርነት ተዘርዝሮበት ነበር። ደብዳቤው በሐሰት የተፈጠረ ነው። ሆኖም የሚያምን አልጠፋም፤ በ1177 ዓመት የሮማው ጳጳስ አሌክሳንድሮስ ሦስተኛ ለዚህ ንጉሥ ደብዳቤ ጻፈ። ንጉሡን በእስያ ፈልገው ባጡት ጊዜ በ14ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ንጉሥ እርሱ ነው ማለት ጀመሩ።

በ1441 ዓመት በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት ወገን መልእክተኞች በኢጣልያ ወደ ፍሎሬንስ ጉባኤ መጡ። የጉባኤው ሰዎች ንጉሣችሁ ቄሱ ዮሐንስ እያሉ በተናገሯቸው ጊዜ መልእክተኞቹ ተደነቁ፤ ንጉሣቸው ዘርዐ ያዕቆብ ነውና፤ የመንግሥት ስሙም ቈስጠንጢኖስ ነውና። ይህንኑ ቢያስረዱም አውሮፓውያን የለመዱትን ስም አልተዉም። ሰው ስሙን ሲናገር አለመስማት፤ ሰውየው ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ አለማየት ነው።

ከዚህ በኋላ የፖርቱጋል ንጉሥ ዮሐንስ ሁለተኛ፤ በአገሩ ልሳን ዡዋው፤ በ1487 ዓመት ጴሮ ዳ ኮቪልያንና አፎንሶ ደ ፓይቫን ቄሱን ዮሐንስን ፈልጉ ብሎ ላካቸው። ፓይቫ በመንገድ ሞተ። ኮቪልያን ግን ብዙ አገር ዞሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በክብርም ተቀበሉት፤ ነገር ግን ወደ አገሩ እንዲመለስ አልተፈቀደለትም። ርስት ተሰጥቶት አግብቶ ኖረ። በ1520 ዓመት የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጡ ጊዜ፤ አገሩን ከለቀቀ 33 ዓመት ሆኖት ሳለ፤ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ አገኘው። አልቫሬስም ስለ ኢትዮጵያ ያየውን በእውነትና በጥንቃቄ የጻፈ ሰው ነው፤ መጽሐፉ በ1540 ዓመት በታተመ ጊዜ ግን የፊቱ ርእስ አሁንም ቄሱን ዮሐንስን የሚጠራ ነበረ። ውስጡ እውነተኛው ንጉሥ፤ ላዩ የሕልሙ ንጉሥ ሆነ።

ከዚህ የሚበልጥ የታሪክ ምጸት አለ። በ1667 ዓመት የዐፄ ፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ በጐንደር ነገሠ፤ ጻድቁ ዮሐንስ የሚባለው ነው። በእውነት ዮሐንስ የሚባል ንጉሥ በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ በተቀመጠበት በዚያ ጊዜ፤ በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ፈረንጆች ከአገር ተባርረው መንገዱ ተዘግቶባቸው ነበር። አምስት መቶ ዓመት ስሙን ሲፈልጉ ኖረው ስሙ በተገኘ ጊዜ ደጁ ተዘጋ። ምክንያቱም ሲመረመር፤ የመጡት አስቀድሞ በልባቸው የሠሩትን ንጉሥና የራሳቸውን ሃይማኖት ለማግኘት እንጂ የቆመውን ሕዝብ ለማወቅ ስላልነበረ ነው።

በ1872 ዓመት ደግሞ ካሳ ምርጫ በአክሱም ቅብዐ መንግሥት ሲቀቡ ዮሐንስ የሚለውን የመንግሥት ስም ወሰዱ፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ናቸው። በ1889 ዓመት መጋቢት ወር በመተማ ጦርነት ቈስለው ሞቱ። ስማቸው በመቃብር ያልቀረው ዮሐንስ ስለ ተባሉ ብቻ አይደለም፤ ለአገራቸው ዳር ድንበር ራሳቸውን ስለ ሰጡ ነው።

ያው ስም ግን በሌላ ሰው ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ግብር በማብዛቱና በፍርድ በማጉደሉ መኳንንቱ ተነሥተውበት በ1215 ዓመት ታላቁን የነጻነት ደብዳቤ በማኅተሙ እንዲያጸድቅ አስገደዱት፤ ከእርሱ በኋላ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ በዚህ ስም የነገሠ የለም። የሩስያው ኢቫን አራተኛ በ1547 ዓመት ዘውድ ጫነ፤ በ1581 ዓመት ግን በቍጣ ልጁን መትቶ ገደለው፤ የልጁም ስም ኢቫን ነበረ። እግዚአብሔር ራራ ተብሎ የተጠራ አባት እግዚአብሔር ራራ ተብሎ ለተጠራ ልጁ አልራራም። እንግዲህ ስም እንደ ማሰሮ ነው፤ ወተትም ይያዝበታል፤ መርዝም ይያዝበታል።

፭፤ ከዚህ ሁሉ የሚገኝ ትምህርት

መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ ስም የተካፈሉ ሕዝቦች ዘመዳሞች ናቸውን የሚል ነበር። መልሱ እንዲህ ነው። ስም የዝምድና ግብዣ ነው እንጂ ዝምድናው ራሱ አይደለም። ጒዶና ጳጳሱ ዮሐንስ መጽሐፉን በመካከላቸው ዘርግተው አብረው ስለ ዘመሩ ግብዣው ወደ ፍሬ ደረሰ። የፍሎሬንስ ሰዎች ግን በፊታቸው የቆመውን እንግዳ ስም መስማት ስላልወደዱ ግብዣው ባዶ ቀረ። የስም አንድነት የሚጠቅመው፤ አንተ ማን ትባላለህ ብሎ ከሚጠይቅና መልሱን ከሚሰማ ሰው ጋራ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ለወላጆች ነው። በባዕድ አገር ጆን የተባለ ልጅ ስሙን አልጣለም፤ በስሙ ታናሽ ልብስ ለብሶ ቆመ እንጂ። አያቲቱ ማዘኗ ስለ ፍቅር ነውና አይነቀፍም፤ ነገር ግን ልጁን ከመውቀስ የስሙን መንገድ ብትነግረው ይሻላል። ጆን የሚለው ስም ከዮሐንስ እንደ ወጣ፤ ሐው በፊደሉ ውስጥ ዝም ብላ እንደምትኖር፤ ትርጓሜውም እግዚአብሔር ራራ ማለት እንደ ሆነ ቢሰማ፤ ልጁ ሁለቱንም ስም ሳያፍር ይሸከማል። የሚያሳዝነው ልጁ በሌላ አንደበት መጠራቱ አይደለም፤ ስሙ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው። በጎረቤት ቤት ያሕያ የሚባለውም ልጅ የዚሁ የአንዱ ካህን ልጅ ስም ወራሽ መሆኑን ቢያውቅ፤ ሁለቱ ሕፃናት በአንድ ሜዳ ሲጫወቱ ባዕዳን አይሆኑም።

ሦስተኛው ትምህርት ለዚህ በዓል የሚስማማ ነው። በ1958 ዓመት አንጄሎ ጁሴፔ ሮንካሊ የሚባሉት ካርዲናል የሮማ ጳጳስ ሆነው በተመረጡ ጊዜ፤ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ማንም ጳጳስ ያልወሰደውን ስም ወስደው ዮሐንስ 23ኛው ተባሉ። ስለ ምን እንደ መረጡት ሲያስረዱ፤ የአባታቸው ስም መሆኑንና ክርስትና የተነሡባት ትንሿ የገጠር ቤተ ክርስቲያን በዚህ ስም የምትጠራ መሆኗን ተናገሩ። አባታቸው ገበሬ ነበሩ። ታላቁ ሹመት ስሙን ከነገሥታት መዝገብ አልወሰደም፤ ከአንድ ገበሬና ከአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ወሰደው።

ስለዚህ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ናት ተብላ አትናቅም፤ ስም የሚወጣባት ስፍራ ናትና። ወንድ ልጅ በዐርባ ቀን፤ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ወደ ደጇ ይመጣሉ፤ ካህኑም ስም ይሰጣቸዋል። ባለፉት የኢዮቤልዩ ዓመታት በዚህ ደጅ ስም የተቀበሉት ሁሉ፤ አንዳንዶቹ በአገር፤ አንዳንዶቹ በባሕር ማዶ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በመቃብር አርፈዋል። ካህኑ የክርስትና ስም በሚሰጥበት ቀን ትርጓሜውን ለወላጆችና ለክርስትና አባት ወይም እናት ቢነግር፤ እነርሱም ልጁ ሲያድግ ቢነግሩት፤ ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ ማዘጋጀት አይቻልም። ካህኑ የስሙን ስጦታ ይሰጣል፤ ዕዳውን መክፈል ግን የባለ ስሙ ነው።

ዘካርያስ በሰሌዳ ላይ አንድ ስም በጻፈ ጊዜ አንደበቱ ተፈታ። ስሙን የሚያውቅ ልጅ ሁሉ አንደበቱ የተፈታ ይሁን፤ በስሙ የሚሠራ ሰው ሁሉ ስሙ ከመቃብር በላይ ይዋል፤ የባልንጀራውን ስም የሚጠይቅ ሁሉ ዘመድ ያግኝ። እግዚአብሔር በዓሉን የበረከት በዓል ያድርገው፤ አሜን።